የመድኃኒት ፕሮግራሙ አማካሪ ኮሚቴ ግቢ ተባልኩ፤ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ሌሊት ፈረቃ፦

ሰላም ለቤቱ። የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ስቴቱን ግን አልናገርም። ሀበሻ የማይጠፋበት ከተማ ነው ማለቱ ይበቃል። ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ማለቴ ነው፣ ሌሊት እሠራለሁ። ኤችአይቪ በደሜ እንዳለ ካወቅኩ ቆይቷል። መድኃኒቴን በሥነ ሥርዓት እወስዳለሁ፤ የደም ምርመራውም ለዓመታት «አይታይም» እያለ ነው የሚመጣው። ደህና ነኝ። ጥያቄዬ ሌላ ነው።

መድኃኒቴን የማገኘው በአዳፕ በኩል ነው። ለማታውቁት፣ አቅም ለሌላቸው የኤችአይቪ ታካሚዎች መድኃኒት የሚሸፍን፣ በየስቴቱ ያለ ፕሮግራም ነው። አንዳንዱ ስቴት በሌላ ስም ይጠራዋል። እኔ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ለዝቅተኛ ገቢ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ እንዳላገኝ ገቢዬ ያልፋል። የመሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ ደግሞ መጀመሪያ ከኪሴ ብዙ ሺህ ዶላር ካላወጣሁ መድኃኒቱን አይነካም። በቀን አንድ የምውጣት ክኒን የወር ዋጋዋ ከ3,000 ዶላር በላይ ነው። ታክሱ ተቆርጦ እጄ የሚገባው ደመወዝ እዚያ አይደርስም።

ዘንድሮ ስቴቱ ለዚህ ፕሮግራም አማካሪ ኮሚቴ ሊያቋቁም ነው። ጉዳዬን የምትከታተለው ኬዝ ማናጀሬ ማስታወቂያውን ላከችልኝና «አንቺ ነሽ የምትሆኚው፣ አመልክቺ» አለችኝ። ሐኪሞች፣ ፋርማሲስት፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞችና የፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ይገቡበታል። ስብሰባው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ እኔ ከፈረቃ ወጥቼ የምተኛበት ሰዓት። እሱን እንኳ እንደምንም እችለዋለሁ።

ቅጹን ከፈትኩት። ስም፣ ከተማ፣ አሠሪ። ከዚያ «በየትኛው ወንበር ነው የሚያመለክቱት?» ይልና በሥሩ ትንንሽ ሣጥኖች ተደርድረዋል። አንዷ ሣጥን «ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር ሰው» ትላለች። ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል፣ ማመልከቻው በሕዝብ መረጃ ሕጉ መሠረት ለጠየቀ ሁሉ ሊሰጥ እንደሚችል ተጽፏል። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የምናገረው አለኛ! ባለፈው ዓመት መድኃኒቴን ልቀበል ፋርማሲ ስሄድ ልጅቷ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና «ፕሮግራሙ ዘግቶሻል» አለችኝ። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። ከኋላዬ ወረፋ የያዘችው ሴትዮ የማውቃት ናት። «የኢንሹራንስ ጣጣ ነው» ብዬ ስቄ ወጣሁ። ለካስ በፕሮግራሙ ለመቀጠል በየጊዜው የሚሞላው የእድሳት ደብዳቤ የተላከው ዘግይቶ ነው፤ እጄ ሲገባ ቀነ ገደቡ አልፎ ነበር። መስመሩ እስኪስተካከል ድረስ ያለ መድኃኒት ከረምኩ። አንድ ደብዳቤ ለዘገየ ሰው መድኃኒቱን ያጣል?

እና እናንተን የምጠይቀው፣ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አለ? ስሜ የት ድረስ ነው የሚወጣው? ኮሚቴውስ በእርግጥ የሚሰማው አለ ወይስ የይስሙላ ነው? እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፤ ስብሰባ ላይ ከሐኪሞች ጋር ለመከራከር ግን ልቤ ይፈራል።

—

ተው ባይ፦

እህቴ፣ የምሬን ነው፣ ይቅርብሽ። እኔ ያለብኝ ስኳር ነው። አንድ ሆስፒታል «የታካሚዎች አማካሪ ቡድን» ብሎ ጠራኝ፣ ገባሁ። ፎቶ አነሱን። ፎቶው ትልቅ ሆኖ ሊፍቱ አጠገብ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ስሄድ ሰው ሻይ ሲቀዳልኝ «ያለ ስኳር ነው አይደል?» ይለኝ ጀመር። ለስኳር እንዲህ ከሆነ ለአንቺው አስቢው። ስለ አንቺ የሚወራውን መጨረሻ ላይ የምትሰሚው አንቺው ነሽ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ደግሞ ምክር ነው የሚሰጡት፤ ውሳኔው ቀድሞ አልቋል። አጨብጭበሽ ትወጫለሽ።

—

የቀድሞ አባል፦

ተው ባይ ያለው እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው።

እኔም መድኃኒት ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። በሌላ ስቴት እንዲህ ያለ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። አሁን ወጥቻለሁ፤ ስለዚህ እንደልቤ ላውራ።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅምሻል፤ ስብሰባ ላይ ያለዚህ ታሪክ ብዙ ነገር አይገባም። ኤዜቲ የተባለው የመጀመሪያው የኤችአይቪ መድኃኒት በመጋቢት 1987 ነው የተፈቀደው፤ ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የዓመት ዋጋው ወደ 10,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ማን ይችላል? ኮንግረስ በዚያው ዓመት ለስቴቶች 30 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። የአዳፕ ሥሩ ያ ነው። በ1990 የራያን ዋይት ሕግ ወጣና ነገሩ በዚያ ውስጥ ተጠቃለለ። ራያን ዋይት የኢንዲያና ልጅ ነው፤ ለሕክምና በሚወስደው የደም ተዋጽኦ ቫይረሱ ያዘው፣ ትምህርት ቤቱም አትገባም አለው። ሕጉ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ18 ዓመቱ ሞተ። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ኮንግረስ ለመድኃኒት ብቻ የሚውል ገንዘብ ለይቶ መመደብ ጀመረ።

ፌዴራሉ ገንዘቡንና ጥቅል ደንቡን ይሰጣል። የገቢው ጣሪያ ስንት ይሁን፣ ዝርዝሩ ውስጥ የትኛው መድኃኒት ይግባ፣ የኢንሹራንስ ክፍያ ይሸፈን አይሸፈን፣ እድሳቱ እንዴት ይሁን፣ ይህን ሁሉ የሚወስነው ስቴቱ ነው። ለዚህ ነው አንድ ሰው ድንበር ተሻግሮ ቤት ሲቀይር ያለ መድኃኒት የሚቀረው። ኮሚቴውም የሚቀመጠው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ «ይስሙላ ነው ወይ» እንምጣ። በደህናው ጊዜ ግማሹ ስብሰባ ያስተኛል፤ አልዋሽሽም። ስላይድ በስላይድ ላይ። ኮሚቴ የሚፈተነው ገንዘብ ሲያጥር ነው። የ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ሰዉን ከሥራም ከኢንሹራንስም አስወጥቶ ወደ አዳፕ ገፋው። የስቴቶች በጀት ደግሞ ያኔውኑ ሟሸሸ። በ2011 በመላ አገሪቱ ከ9,000 በላይ ሰው ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ወረፋው ለቤት አይደለም፤ ለክኒን ነው። አንዳንዱ ስቴት የገቢውን ጣሪያ አወረደ። አንዳንዱ ከዝርዝሩ መድኃኒት ሰረዘ። ወረፋ ላይ ያሉት ወደ መድኃኒት ኩባንያዎች የእርዳታ ፕሮግራም ይላኩ ነበር። ያውም ክኒኑ ከሦስት ኩባንያ ከሆነ ሦስት የተለያየ ቅጽ መሙላት ነው።

እኛ ዘንድ የቀረበው ወረቀት አንድ ገጽ ነበር። በግራ በኩል አማራጮቹ፣ በቀኝ በኩል እያንዳንዱ የሚያድነው ገንዘብ። ሰው የሚል ቃል የለበትም። አንዲት ከእኛ ወገን የሆነች፣ ማለቴ ተጠቃሚ የሆነች ሴት እጇን አወጣችና «እዚህ ጋ ሦስተኛ ዓምድ ጨምሩ። በእያንዳንዱ አማራጭ ስንት ሰው ከመድኃኒት ይወጣል?» አለች። ዝም ተባለ። ቁጥሩ አልተዘጋጀም ነበር። ስብሰባው ተላለፈ። በሚቀጥለው ዓምዱ ተሞልቶ መጣና አንደኛው አማራጭ ያለ ክርክር ወደቀ። ሐኪሞቹ ሳይጠይቁት የቀሩት ክፉ ሆነው አይደለም፤ ከመድኃኒቱ የሚወጡት እነሱ ስላልሆኑ ነው።

ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት የመተዳደሪያ ደንቡን ረቂቅ ጠይቂ። አዲስ ኮሚቴ ስለሆነ ገና እየተጻፈ ነው፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። አንደኛ፣ መሥሪያ ቤቱ ከመድኃኒት ዝርዝሩ ወይም ከገቢው ጣሪያ ላይ ለውጥ ከማድረጉ በፊት ለኮሚቴው ያሳያል ወይስ ካደረገ በኋላ «ያሳውቃል»? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ደግሞም ኮሚቴው በጽሑፍ ለመከረው በጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ አለ ወይ? መልስ የማይሰጠው ኮሚቴ ተው ባይ እንዳለው ማጨብጨቢያ ነው።

ስምሽን በተመለከተ። አማካሪ ኮሚቴዎች አብዛኛውን ጊዜ በክፍት ስብሰባ ሕግ ሥር ናቸው። የአባላት ስም ይለጠፋል፤ ቃለ ጉባኤው ይወጣል። እሱን ማስቀረት አትችይም። የምትችይው ከስምሽ ጎን የሚጻፈውን ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ «እገሌ፣ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር» ተብሎ ሊለጠፍ ነበር። ታገልንና «ተጠቃሚ፣ የቤተሰብ አባል ወይም ተንከባካቢ» የሚል አንድ ወንበር ሆነ። አንድ እናት ስለ ልጇ፣ አንድ ጎልማሳ ስለ ወንድሙ፣ እኔ ስለ ራሴ፣ ሁላችን በአንድ ስም ተቀመጥን። ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ማን ምን እንደሆነ አያውቅም። ፎቶ ደግሞ አልነሳም ማለት መብትሽ ነው፤ ሊፍት አጠገብ የሚሰቀል ነገር የለም።

—

ቆጣሪ፦

ፋርማሲስት ነኝ። መጀመሪያ ያቺ ልጅ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስለተናገረችው አዝናለሁ። እንዲህ መሆን የለበትም፤ የሁላችንም ሥልጠና ላይ አለ።

የመድኃኒት ዝርዝሩን ነገር ላክልበት። በ2006 የተሻሻለው ሕግ እያንዳንዱ ስቴት ከእያንዳንዱ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ምድብ ቢያንስ አንድ እንዲይዝ ያዛል። «ቢያንስ አንድ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። አዲሱና የሚመቸው የግድ ይገባል ማለት አይደለም። ካቤኑቫ የሚባለው በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት በጥር 2021 ተፈቅዷል፤ በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ ጤና ባለሙያ ነው የሚወጋው። ከሰው ጋር ቤት ተጋርቶ ለሚኖር፣ ጠርሙሱን የት እንደሚደብቅ ለሚጨነቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮሚቴው ግን «ዝርዝሩ ውስጥ አለ» ሲባል እንዳይሸወድ። ቅድመ ፈቃድ፣ ማለትም መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የከፋዩ ይሁንታ፣ ይጠየቃል ወይ? የሚወጋው ክሊኒክ የሚያስከፍለውስ ከየትኛው በጀት ነው? ወረቀት ላይ ያለና ሰው እጅ የሚደርስ ሁለት ነገር ነው።

ሌላ ሀበሻ ካልሆነ ማንም የማያነሳው ነገር አለ። ብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው የ30 ቀን መድኃኒት ነው። የእኛ ሰው አገር ቤት ሲሄድ ግን ለሁለት ወር ነው፤ ቲኬቱ ውድ፣ ዘመድ ብዙ። በየዓመቱ ገና ሲቃረብ መስኮቱ ላይ የሚመጣብኝ ጥያቄ ይኸው ነው። ከጉዞ በፊት ተጨማሪ የሚፈቀድበት ግልጽ መንገድ ከሌለ ሰው ወይ ጉዞውን ያሳጥራል ወይ ክኒኑን ይዘላል። ክኒን መዝለል ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ በር ይከፍታል። ሐኪሞቹ ይህን አያውቁትም፤ የሚነግራቸው የለምና። አንቺ ብቻ ነሽ።

ለወንበሩ ደግሞ አንድ ሐሳብ ልጣል። ነርሲንግ ሆም ትሠሪ የለ? በጤና ሠራተኛ ወንበር አመልክቺ። ማንም ምንም አይጠይቅሽም።

—

የቀድሞ አባል፦

ቆጣሪ፣ የ30 ቀኑን ነገር ወድጄዋለሁ፤ እኛ ጋ አንድም ቀን አልተነሳም። የወንበሩን ሐሳብ ግን አልቀበልም።

ምክንያቱን ልንገርህ። በ1983 ዴንቨር ላይ ኤድስ ያለባቸው ሰዎች ተሰብስበው አንድ መግለጫ አወጡ። የጠየቁት ውሳኔ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ እንዲቀመጡ ነው። በዚያ ዘመን! መድኃኒት በሌለበት! ዛሬ በራያን ዋይት ሕግ ትልልቅ ከተሞች ገንዘቡን የሚያከፋፍሉበት ምክር ቤት ውስጥ ከአባላቱ ቢያንስ 33 በመቶ የአገልግሎቱ ተጠቃሚ መሆን አለበት፤ ያውም ገንዘቡን በሚቀበሉ ድርጅቶች ያልተቀጠሩ። ይህ የከተሞቹ ምክር ቤት ደንብ ነው፤ የስቴት አማካሪ ኮሚቴን ሁሉ አይመለከትም። ሐሳቡን ግን ደንቡ ውስጥ አስገቡልን ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

እሷ በጤና ሠራተኛ ወንበር ከተቀመጠች የተጠቃሚውን ወንበር ማን ይሞላዋል? ባዶ ከቀረ የአንዱ ድርጅት ሠራተኛ ይቀመጥበታል። ሲመቸው ስለ እኛ ይናገራል፤ ገንዘብ ሲያጥር ስለ ድርጅቱ።

—

ቆጣሪ፦

ጋሼ፣ ነጥቡ ገብቶኛል። ግን ፋርማሲ ውስጥ የማያቸውን ሰዎች ብታያቸው። አርባ ደቂቃ ነድተው እኔ ጋ የሚመጡት ሰፈራቸው ያለው ፋርማሲ ሀበሻ ስለሚሠራበት ነው። እኔ ሀበሻ መሆኔን ሲያዩ ደግሞ የሚደነግጡ አሉ። እንዲህ ለሚፈራ ሰው የጎን በር መክፈት ነውር አይደለም።

—

ደብዳቤ አንባቢ፦

እኔ ኬዝ ማናጀር ነኝ፤ አማርኛ ተናጋሪ ደንበኞች አሉኝ። ስለ ወንበሩ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ራሷ ሌሊት ፈረቃ ትወስን። እኔ ስለ እድሳት ላውራ፤ ሰው የሚጠፋው እዚያ ነው።

ፌዴራሉ በየስድስት ወሩ አድሱ ይል ነበር። በጥቅምት 2021 ያንን አነሳው። አሁን ጊዜውን የሚወስነው ስቴቱ ነው። አሁንም በቀድሞው ልማድ የሚሄድ ካለ ኮሚቴው «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከሌሎች የመንግሥት መዝገቦች አይቶ ገቢን ማረጋገጥ ከቻለ ደግሞ ለምን ሰውን የደመወዝ ወረቀት ያስለቅማል? እንደ ሌሊት ፈረቃ ያለ ሰው እድሳቱ ሲዘገይ ወዲያው ከሚቆረጥ የአንድ ወር መድኃኒት ሰጥቶ ወረቀቱን መከታተል ይቻላል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የሚፈልገው አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ደጋግሞ እንዲያነሳው ነው።

ሰው ፖስታውን ለምን እንደማይከፍት ታውቃላችሁ? የጤና መሥሪያ ቤቱ ስም ውጭው ላይ ስላለ። አንድ ደንበኛዬ ደባል አላት። ደብዳቤው በመጣ ቁጥር ሳትከፍተው ቀዳ ትጥለዋለች። ስም የሌለው ነጭ ፖስታ፣ የላኪው አድራሻ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ፣ በቃ። ይህንንም ኮሚቴ ያስወስናል።

ቋንቋውን በተመለከተ አትፍሪ፣ አስተርጓሚ ጠይቂ። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ፕሮግራም እንግሊዝኛ የሚከብደውን ሰው እንዲያስተናግድ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ያስገድደዋል። ዋሽንግተን ዲሲማ ከ2004 ጀምሮ የራሱ የቋንቋ ሕግ አለው፤ አማርኛም ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለስብሰባ ግን ከከተማሽ ውጭ ያለ አስተርጓሚ በስልክ ይሁንልኝ በዪ፤ ምክንያቱን ለአንቺ አልነግርሽም።

አንድ የቆየ ፍርሃት ደግሞ አለ። «ስቴቱ ካወቀ ኢሚግሬሽን ያውቃል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም፤ ቫይረሱ ያለበት የውጭ ዜጋ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ለዓመታት ነበር። የተነሳው በፈረንጆች ጥር 4 ቀን 2010 ነው። ከዚያ በፊት የመጡ ሰዎች ዛሬም ቅጽ ሲያዩ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ኮሚቴው ውስጥ ይህን የኖረ ሰው ከሌለ፣ ሰው ለምን እንደማይመዘገብ ስላይዱ ላይ «የግንዛቤ እጥረት» ተብሎ ይጻፋል። ግንዛቤ አይደለም የጎደለው።

—

ሌሊት ፈረቃ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሥራ ወጥቼ ነው ያነበብኩት፤ እንቅልፌንም ወሰዳችሁት።

ቆጣሪ፣ ስለ አገር ቤቱ ጉዞ ስትጽፍ ሳቄ መጣ። እኔ ስሄድ ክኒኖቼን በቫይታሚን ጠርሙስ ነው የያዝኳቸው። እህቴ «ይሄ ለፀጉር ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አንድ ስጪኝ ብትል ምን እል እንደነበር እግዜር ይወቀው። መድኃኒቱንም ለጉዞ ብዬ ከየወሩ ቀስ በቀስ ቆጥቤ ነው ያጠራቀምኩት፤ አንዳንድ ቀን ሳልወስድ ማለት ነው። ሐኪሜ እስከዛሬ አያውቅም። ይህ አጀንዳ የእኔ ነው፣ ማንም እንዳይወስድብኝ።

ስለ ወንበሩ ሳስብ ሰነበትኩ። የጤና ሠራተኛ ብዬ መግባት ይቀላል። ግን የምናገረው ሁሉ ከዚያኛው ወንበር የሚመጣ ነው። የእድሳቱን ነገር ሳነሳ «አንቺ በምን አወቅሽ?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ጻፍኩ። የደንቡን ረቂቅ ጠየቅኩ፣ ከሣጥኗ ይልቅ ጋሼ ያሉት ዓይነት አንድ ላይ የተጠቃለለ ወንበር ይሁን አልኩ። ኢሜይሉን ከኬዝ ማናጀሬ አድራሻ ነው የላክነው፤ ስሜ የለበትም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ማስታወቂያው ለተጠቃሚ አባላት የውሎ አበል ይከፈላል ይላል። ብቀበል ገቢዬ ላይ ተደምሮ ከፕሮግራሙ ያስወጣኛል?

—

ደብዳቤ አንባቢ፦

እንደ አከፋፈሉ ነው። የመኪና ነዳጅና የልጅ ጠባቂ ወጪ ተመላሽ ከሆነ ገቢ አይደለም። በስምሽ የሚመጣ አበል ከሆነ ግን ገቢ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ከጣሪያው አጠገብ ካለሽ ሳትፈርሚ በፊት በጽሑፍ አስመልሺያቸው። ሜዲኬይድ ወይም ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) ላይ ያሉ ሌሎች አባላት ካሉ ለእነሱ የበለጠ ያሳስባል፤ ስለዚህ ጥያቄውን ለራስሽ ብለሽ ሳይሆን ለኮሚቴው ብለሽ አንሺው።

—

ተው ባይ፦

እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ገንዘብ ሲያጥር፣ ሲያጥር ትላላችሁ። መድኃኒቱ እንዲህ ውድ ከሆነ ፕሮግራሙ እስካሁን እንዴት አልከሰረም?

—

የቀድሞ አባል፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጠው ያልጠየቁ ሰዎች አውቃለሁ። አዳፕ የሚከፍለው መስኮት ላይ የሚታየውን ዋጋ አይደለም። በ1992 የወጣ 340ቢ የሚባል የፌዴራል ደንብ ኩባንያዎቹ ለእንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች ቅናሽ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። አንዳንዱ ስቴት ቀድሞ በቅናሽ ይገዛል። አንዳንዱ ለፋርማሲው ከፍሎ ቅናሹን ከኩባንያው ተመላሽ ይቀበላል። ኢንሹራንስ ላለው ሰው የእሱን ድርሻ ብቻ ከፍሎም ተመላሹን መጠየቅ ይቻላል። የሌሊት ፈረቃን ኢንሹራንስ መደገፍ አንዳንዴ መድኃኒቷን በሙሉ ከመግዛት የሚረክሰው ለዚህ ነው።

ተመላሹ ገንዘብ ቀላል አይደለም። በሕጉ ለዚያው የኤችአይቪ ሥራ መዋል አለበት። ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ መጠኑም የመድኃኒት ዋጋ ሲለወጥ ይለወጣል። በእሱ ላይ ብዙ የተደገፈ ስቴት አንድ ቀን ይንገዳገዳል። ስለዚህ እህቴ፣ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት የምትጠይቂያቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ባለፈው ዓመት ከተመላሽ የገባው ስንት ነው፣ ያልወጣው የት ተቀምጧል፣ በእድሳት ጊዜ ስንት ሰው ተቆረጠ፣ ከተቆረጡትስ ስንቱ ተመለሰ። የመጨረሻዋን «አልተጠናቀረም» ሊሉሽ ይችላሉ። እኛንም ብለውን ነበር። በቃለ ጉባኤ አስይዢው፤ በሚቀጥለው ተጠናቅሮ ይመጣል።

—

ተው ባይ፦

ይኸው አመጣችሁት፤ እኔንም ሊያስገባኝ ምንም አልቀረው። ሌሊት ፈረቃ፣ ግቢ። ፎቶ ብቻ እንዳትነሺ።

—

ሌሊት ፈረቃ፦

መልስ መጣ። ሣጥኗን ያወጡና «ተጠቃሚ፣ ቤተሰብ ወይም ተንከባካቢ» ሊያደርጓት ነው። የተስተካከለው ቅጽ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል። ስብሰባውን ግን ከማክሰኞ ጠዋት አናዛውርም፣ በኦንላይን መግባት ይቻላል ብለዋል። ካሜራ ማብራት ግዴታ ነው ወይ ብዬ መልሼ ጽፌያለሁ። የእድሳቱንም ቁጥር እግረ መንገዴን ጠይቄያለሁ።